የሰም ማኅተም

ኢርቲሽ በረዶ ነው ከዳር እስከ ዳሩ፣
ጀልባዎች ደንዝዘው ወደቡ ላይ ቀሩ።
አገር የሚሉት ግንብ በሌሊት ሲናድ
ገንዘቡ ወረቀት፣ ወረቀቱ አመድ።
አዲስ ፓስፖርት ሰጡን፣ ካዛክስታን የሚል፤
ደማቅ ነው ቀለሙ፣ ሆድ ግን አያታልል።
ደመወዝ ካየነው ሰባት ወር አለፈን፣
ፋብሪካው በጎመን፣ በካልሲ ከፈለን።

እኔ ዚባጉል ነኝ፣ የሚዛኑ ዳኛ፣
ግራም የምቆጥር፣ ሌሊት የማልተኛ።
ከማቅለጫው ጀርባ አንድ መጋዘን አለ፣
ጣራው የሚያፈስስ፣ በሩ የሰለለ፣
ቁልፉን እንዳለ ዝገት የጨረሰው፣
አንድ ልጅ በምስማር ከፍቶ የሚመልሰው።
ከቁልፉ ሥር ደግሞ፣ ክር ዞሮ፣ ተጋጥሞ፣
ቡናማ ሰም አለ በማኅተሜ ታትሞ።
ይኸው ነው ጦራችን፣ ይኸው ነው ምሽጉ፦
ጥፍር የሚያህል ሰም ተንጠልጥሎ ከጥጉ።

ሌላ ቦታ፣ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቅ ይገኛል፤
እዚህ ሰሙ ሲቀልጥ ከተማ ይቀልጣል።

በርሜሉ ውስጥ ያለው ግራጫ ብረት ነው፣
አይሸትም፣ አይሞቅም፣ ክብደት ብቻ ያለው።
መጠኑ ብርቱካን፣ ክብደቱ አራስ ልጅ፤
ታቅፌው አውቃለሁ ጓንት ባጠለቀ እጅ።

በኅዳር ማለቂያ አንድ ሰው መጣ ቤቴ፣
ስኳር ይዞ ለልጄ፣ ኢንሱሊን ለእናቴ።
እንዴት እንዳወቀ ሕመሟን፣ አልጠየቅሁ፤
የብልቃጡን ብዛት ሳላስበው ቆጠርሁ።
«አንዲት ቆርቆሮ» አለ፤ «የምሳ ዕቃ ታክላለች፣
ከመዝገቡ ብትወጣ በማን ትታወቃለች?
አገሪቱ ራሷ ጠፋች ከመዝገቡ፣
ቆርቆሮ ቢጎድል ምንድን ነው ሐሳቡ?»
ዋጋውን ነገረኝ።
ብትሰሙት ታፍራላችሁ፤ ይህን ያህል ብቻ ነው፦
አንድ አሮጌ መኪና፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ሌሊቱን አሰብሁት፣
የቤቱን መጋረጃ በሐሳቤ ሰቀልሁት።
ከዚያ የምሳ ዕቃዋ ከፊቴ መጣችብኝ፣
ስሙን የማላውቀው ባቡር ጣቢያ ታየኝ።
ሰዉ ይጣደፋል፣ ፉጨት ይሰማል፣
ጓንቱ የወደቀ ልጅ እናቱን ይጠራል፤
አንዲት ሴት መልሷ አምስት ሳንቲም ጎድሎባት
ከሻጩ ጋር ቆማ ትሟገታለች። ያቺ ናት
ያስቆመችኝ። ሌላው ሁሉ ጭጋግ ነበር።
ለአምስት ሳንቲም ብላ የምትከራከር
እህቴን በግራም ልሸጣት ነበር።

ሲነጋ ስኳሩን ከነከረጢቱ መለስሁ፤
መድኃኒቱን ግን፣ ይቅር በሉኝ፣ አስቀረሁ።

ለዘቡ ነገርሁት፣ ለሽማግሌው ቴሚርቦላት፣
ጠመንጃው ባዶ ነው፣ ጥይት ካየ ስንት ዓመት።
ምንም አልመለሰ። ወንበሩን ጎትቶ፣
ጀርባውን ለበሩ፣ ፊቱን ለብርድ ሰጥቶ
ተቀመጠ።
                    ኢርቲሽ እስኪፈታ አልተነሣም።

ወንዙ ሊፈታ ሲል ሰዎች መጡ፣ የውጭና የእኛ፣
አዲስ በርሜል፣ አዲስ ሚዛን፣ አስተርጓሚ መልከኛ።
ሁሉም ተመዘነ። ስድሳ ግራም ጎደለ።
ዓይን ሁሉ እንደ መርፌ ወደ እኔ ዞሮ ዋለ።
ሁለት ቀን ፈለግን። ለካስ፣
ብርድ ባንቀጠቀጠው እጄ የተጻፈ
አንድ ቁጥር ነበር፣ ሰባት መስሎ ያለፈ።
ቴሚርቦላት ሳቀ። እኔ ግን አለቀስሁ፤
በሕይወቴ እንደዚያ ስሕተቴን አልወደድሁ።

ጋዜጣ አልጻፈውም። ምን ብሎ ይጽፋል?
«ትናንት በአንድ ጣቢያ ምንም አልሆነም» ይላል?
ሴትዮዋ ሳንቲሟን ተቀብላ ሄደች፤
ባቡሯ ዘገየ፣ እሷም ተራገመች።

አሁን መጋዘኑ የድንች ማኖሪያ ነው፤
በሩ ላይ ያው ቁልፍ፣ ያ ልጅ የሚከፍተው።
ግን ዓለም ሰፊ ናት፤ ስንት በር አለ ገና፣
ሰሙ የተሰነጠቀ፣ ዘቡ የራቀው ጤና፣
ሚዛኑን የያዘች፣ እናቷ የታመመች፣
ደጇ ሲንኳኳባት ለብቻዋ ያለች።

አንቺ የማላውቅሽ፣
ስኳሩን መልሺለት። መድኃኒቱን... አንቺ ታውቂያለሽ።
ከዚያ ክሩን አጥብቂ፣ ክብሪትሽን ጫሪ፣
ሰሙን አቅልጪና
                    እንደገና ቁጠሪ።